ደሙ እስኪናገር አንጠብቅ

«በደም ምርመራ አይታወቅም ወይ?»

የአእምሮ ሕመም ቤቱ የገባበት ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። አዘዞም ሆነ ጎንደር፣ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ቆማ አገልጋይ የምትጠብቅ እናት ትጠይቀዋለች። ሆስፒታል ወረፋ ይዞ የተቀመጠ ታላቅ ወንድምም ይጠይቀዋል። ልጁ ብቻውን ያወራል፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ «ሊመርዙኝ ነው» ብሎ የእናቱን እንጀራ አልበላም ካለ ሰንብቷል። ሐኪሙ አነጋገረው፣ ቤተሰቡንም ጠየቀ፣ ከዚያ «ስኪዞፍሬኒያ ነው» አለ። በሽታውን የለየው ግን በደም ምርመራ አይደለም፤ በራጅም አይደለም። ታዲያ በምን አወቀ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚጠየቅበት ልብ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ልብ ሕመሙ ቶሎ ታውቆ ሕክምናው ቶሎ እንዲጀመር ይፈልጋል። ሁለተኛው ግን፣ «በደሙ ካልታየ ሕመም አይደለም፤ ሕመም ካልሆነ ደግሞ መንፈስ ነው፤ መንፈስ ከሆነ መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው አስተሳሰብ በጉባኤዎቻችን መካከል አለ። ሰውን ከመድኃኒቱ ለይቶ ወደ ሰንሰለት የሚመልሰውም እርሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ደም ምርመራው ያለውን እውነት እናያለን፤ ከዚያም እኛ ምን ማድረግ እንዳለብን።

ደምን ለምን እንደምናምን

ደምን ማመናችን ያለ ምክንያት አይደለም። አዘዞ የመተማ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ የሚወርዱ ወጣቶች በየዓመቱ በዚህ ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ትኩሳት ይዟቸው ይመለሳሉ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ከጣታቸው አንድ ጠብታ ደም ይወሰዳል፤ ወባ ከሆነ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ካላዛር ከተጠረጠረም ፈጣን የደም ምርመራ አለ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህን በሽታ በማከም ይታወቃል። ኤችአይቪንም በደም እናውቃለን፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ለሚጋቡ ወጣቶች የምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው «ደሙ ይናገር» ቢል አይፈረድበትም።

ደም የአእምሮ ሕመምን ምሥጢር የገለጠበት ጊዜም አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የአእምሮ ሕሙማን መጠለያዎች ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ በሽታቸው ቂጥኝ ነበር፤ ወደ አንጎላቸው ዘልቆ ነው አእምሯቸውን ያናወጠው። በዚያ ዘመን ግን አንዱ «የዘር ድካም ነው» ሲል ሌላው «የኃጢአት ቅጣት ነው» ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ቫሰርማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የቂጥኝን የደም ምርመራ አስተዋወቀ። በ1913 ኖጉቺ እና ሙር ተሕዋሲውን በሟቾቹ አንጎል ውስጥ አገኙት። በ1940ዎቹ ደግሞ ፔኒሲሊን መጣ። «እብድ» ተብሎ የተዘጋበት ሰው በመርፌ የሚታከም ሕመምተኛ ሆነ። ስለዚህ ተመራማሪዎች በስኪዞፍሬኒያም እንዲህ ያለ ቀን እንዲመጣ ቢደክሙ እኛም ብንጸልይላቸው ይገባል።

ዛሬ ያለው እውነት

የሚፈልጉትን ነገር «ባዮማርከር» ይሉታል፤ በሽታን የሚጠቁም፣ ሊለካ የሚችል የሰውነት ምልክት ማለት ነው። እውነቱ ይህ ነው፦ ዛሬ በዓለም ላይ በአንድ ሰው ደም ብቻ «ይህ ሰው ስኪዞፍሬኒያ አለበት» ወይም «የለበትም» ብሎ የሚወስን ምርመራ የለም። ጎንደር የሌለው አዲስ አበባ ስላለ አይደለም፤ ለንደንም የለም፣ ኒው ዮርክም የለም።

ተሞክሯል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሮበርት ሂዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከሕሙማን ደም «ታራክሲን» ያለውን ንጥረ ነገር ማግኘቱን ተናገረ፤ ጤነኞች ሲወጉትም የሕመሙን ምልክት አሳዩ አለ። ሌሎች ሥራውን ደግመው ሲያዩት ያንን ውጤት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በደም ውስጥ 51 ፕሮቲኖችን የሚለካ «ቬሪሳይክ» የተባለ ምርመራ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ወጣ፤ ብዙ ሳይቆይ ተነሣ። እንግዲህ ነገ አንድ ሰው «የአእምሮ ሕመምን በደም የሚለይ ላቦራቶሪ አለኝ» ብሎ ገንዘብ ቢጠይቃችሁ፣ ገንዘባችሁን ለመድኃኒቱና ለትራንስፖርቱ አስቀምጡት።

ለምን ከበደ? የመገጭን ወንዝ አስቡ። አዘዞ ድልድዩ ሥር ቆማችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ብትቀዱ መደፍረሱን ታያላችሁ። ከላይ ካሉት ጅረቶች የትኛው እንዳደፈረሰው ግን ከብርጭቆው ብቻ መናገር አትችሉም። ደምም እንዲሁ ነው። ከመላው ሰውነት የሚመጣውን ይሸከማል፤ አንጎል ደግሞ ከደም የሚለየው የራሱ መከላከያ አለው። በብዙ ጥናቶች የሕሙማኑ ደም ሲለካ የሰውነት መቆጣትን የሚያሳዩ እንደ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን እና ኢንተርሉኪን-6 ያሉ ነገሮች በአማካይ ከፍ ብለው ተገኝተዋል። ነገር ግን እነዚሁ በኢንፌክሽን፣ በሲጋራ፣ በውፍረት፣ በድብርትም ከፍ ይላሉ። የብዙ ሰው አማካይ ደግሞ ስለ አንዱ ልጅሽ አይፈርድም። በዚያ ላይ ስኪዞፍሬኒያ ራሱ በአንድ ስም የተጠራ የብዙ ሕመሞች ስብስብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው።

አገራችንም በዚህ ፍለጋ ውስጥ አለች። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ያለባቸውን ሰዎች ደም መርምሮ የቶክሶፕላዝማና የሄርፒስ ዓይነት ቫይረሶችን ዱካ ፈልጓል። በኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር «ኒውሮጋፕ-ሳይኮሲስ» በተባለው ትልቅ ጥናት ተሳትፏል፤ በዚያ የተወሰደው ከምራቅ የሚገኝ የዘረ መል ናሙና ነው። እስከዚያ ድረስ በዓለም የተሠራው የዘረ መል ጥናት አብዛኛው በአውሮፓውያን ዝርያ ላይ ነበርና የእኛ ወገኖች መካተታቸው ትልቅ ነገር ነው። በ2022 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ76 ሺህ በላይ ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረ መል ቦታዎችን አግኝቷል። ቁጥሩን ልብ በሉ፤ አንድ አይደለም፣ 287 ነው። እያንዳንዱ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

በደም አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሕመም አይደለም» የሚል ሰው ይሳሳታል። ካላዛር የሚለይበት የደም ምርመራ ከመገኘቱ በፊትም ካላዛር ይገድል ነበር። ምርመራው በሽታውን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

ሐኪሙም በግምት አልተናገረም። ምልክቶቹን ይቆጥራል፣ ጊዜያቸውን ይለካል፣ ሌላ ምክንያት እንዳለ ይፈትሻል። በዓለም የጤና ድርጅት መመዘኛ ምልክቶቹ ቢያንስ ለአንድ ወር መቆየት አለባቸው። ይህ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በዘሌዋውያን 13 ካህኑ ቆዳው ላይ ምልክት ያለበትን ሰው እንዳየው ወዲያው አይፈርድበትም፤ ሰባት ቀን ያቆየዋል፣ መልሶ ያየዋል፣ ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። እኛ ግን ስንት ጊዜ ነው በአንድ የጸሎት ምሽት፣ በአምስት ደቂቃ፣ «አጋንንት ነው» ብለን የወሰንነው?

አጋንንት የለም እያልኩ አይደለም። ጌታ አጋንንትን አውጥቷል፤ ዛሬም በስሙ ሥልጣን አለ። ነገር ግን ማቴዎስ 4፥24ን በጥንቃቄ አንብቡ። ወደ ጌታ ያመጡአቸውን ሰዎች ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ በሽተኞቹን ለብቻ ይጠራል፤ ወንጌላዊው ሁሉን በአንድ ከረጢት አልከተተም። ሁሉንም ግን ያው ጌታ ፈወሳቸው። ደግሞም በማርቆስ 3፥21 ዘመዶቹ ጌታችንን ራሱን አእምሮውን ስቷል ብለው ሊይዙት እንደወጡ ተጽፏል። ያለ ምርመራ በሰው ላይ ስም መለጠፍ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

አንዳንድ ምእመናን «ሐኪም ጋ ብሄድ ጸሎቴንም ሕመም ይለዋል» ብለው ይፈራሉ። በጸሎት ጌታ ተናገረኝ ማለት ብቻውን ሕመም አይደለም፤ ጥሩ ሐኪምም ይህን ያውቃል። የሚያየው ሌላ ነው፦ ሰውየው መተኛት ትቷል ወይ? ንጽሕናውን ጥሏል ወይ? ሥራውንና ወዳጆቹን ሸሽቷል ወይ? ድምፁ ራስህን ግደል ይለዋል ወይ? ይህን ለሐኪሙ የሚነግረው ማን ነው? አብሮት የኖረው ነው። እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ድርሻ አላት። ከመዘምራን ድንገት የቀረውን፣ ኅብረት ውስጥ ጥግ ይዞ መጠራጠር የጀመረውን ወጣት መጀመሪያ የምናየው እኛ ነን። ሕመሙ ሳይታከም በቆየ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳል። ደሙ ገና የማይሰጠውን ምስክርነት እኛ በጊዜ ልንሰጥ እንችላለን።

ቢሆንም ደሙ ይመርመር

ስኪዞፍሬኒያን የሚለይ የደም ምርመራ የለም ማለት የአእምሮ ሕመምተኛ ደም አይመርመር ማለት አይደለም። እንዲያውም መመርመር አለበት፤ ሌላ በሽታ እንዳለ ለማወቅ።

ከቆላ የተመለሰ ወጣት ትኩሳት ይዞት ድንገት ቢቀባዥር፣ ሰው መለየት ቢያቅተው፣ ያ ወደ አንጎል የወጣ ወባ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ቡዳ በላው» ወይም «መንፈስ ያዘው» እያልን ሌሊቱን ብናሳልፍ ጠዋት ላናገኘው እንችላለን። አራስ እናት በድንገት ብትለወጥም እንዲሁ ያስቸኩላል። የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ እነዚህ ሁሉ አእምሮን ሊያናውጡ ይችላሉ፤ በደምም ይታወቃሉ። ድንገተኛ ለውጥና ትኩሳት አንድ ላይ ከመጡ ጸሎቱ መንገድ ላይ ይሁን፤ እየጸለይን ወደ ጤና ጣቢያ እንሩጥ።

ሕክምና ለጀመረውም ደም ይመረመራል። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ክብደትና ስኳር ይጨምራሉ፤ ክሎዛፒን የተባለው የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥርን መከታተል ይጠይቃል። ይህን የምለው የአካላቸው ጤና የተረሳ ስለሆነ ነው። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው፣ ስኪዞፍሬኒያ ከ1 ሺህ ሰዎች ወደ 5 በሚሆኑት ላይ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ከዚያ ሕሙማኑን ለዓመታት ተከታተሏቸው። በ2015 የታተመው የ10 ዓመት ውጤት ልብ ይሰብራል፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ግማሽ ያህሉ የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነው። ሌሎቻችን ታክመን የምንድንበት በሽታ ነው እነርሱን የሚገድላቸው፤ «እርሱ እብድ ነው» ተብሎ ሳሉ የሚያዳምጣቸው፣ ትኩሳታቸውን የሚነካ ስላጡ ነው።

ጎንደር ይህን ትምህርት ቀድሞ ያውቀዋል። በደምቢያ ወባ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው፤ ሥራውም ሐኪም ወደ መንደር የሚወርድበትን መንገድ ማዘጋጀት ነበር። ዛሬም የሚያስፈልገው ያ ነው። በሶዶ ወረዳ የተደረጉ ጥናቶች የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ከባድ የአእምሮ ሕመምን ሊከታተሉ እንደሚችሉ፣ የሠለጠኑ የአካባቢ ሰዎች ቤት ለቤት የሚያደርጉት ድጋፍም የሕሙማኑን ኑሮ እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ይህ ሁሉ የሆነው ያለ አዲስ የደም ምርመራ ነው።

ደም ዘር ሲባል

አንድ የምፈራው ነገር አለ። በእኛ አገር ደም ማለት ዘርም ነው። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ አጥንት ይቆጠራል፤ «በዘራቸው እብድ አለ ወይ?» ይባላል። ነገ የደም ምልክቱ ቢገኝ፣ ያው ወረቀት ሕክምና ማስጀመሪያ ከመሆኑ በፊት ጋብቻ ማፍረሻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ከሥጋ ደዌ እንማር። ሃንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ተሕዋሲውን እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘ። በሽታው በዘር የሚተላለፍ አለመሆኑ ከታወቀ መቶ ዓመት ካለፈም በኋላ በአገራችን «ዘሩ ነው» ተብሎ ልጅ ያልተዳረለት ቤተሰብ ብዙ ነው። ላቦራቶሪ በሽታን ያሳያል፤ ጥላቻን አያድንም። ጥላቻን የሚያድነው ወንጌል ነው።

በስኪዞፍሬኒያ ዘር ድርሻ አለው፤ አንደብቅም። ነገር ግን አባቱ ወይም እናቱ ከታመሙበት ከ10 ልጆች ወደ 9 የሚሆኑት አይታመሙም። መልካቸው አንድ ከሆነ መንትዮች አንዱ ቢታመም እንኳ ሌላው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን ነው፣ የእርሱ ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታም የእርሱም የወላጆቹም አይደለም ብሎ የእግዚአብሔርን ሥራ አሳያቸው፤ ዮሐንስ 9። እኛ ዛሬም ያንኑ የደቀ መዛሙርት ጥያቄ በአዲስ ስም አንጠይቅ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አገልጋዮች ሆይ፣ ለሰው ጸልዩ፤ ዘይትም ቀቡ፤ ነገር ግን «መድኃኒትህን ጣል» አትበሉ። ይህን ቃል የመናገር ሥልጣን አልተሰጣችሁም። በየወሩ የሚወጋውን መርፌ ያቋረጠ ሰው ለጥቂት ሳምንት ደህና ሊመስል ይችላል፤ ምስክርነትም እናሰጠዋለን። ሲያገረሽበት ግን እናቱ ብቻዋን ናት። ጌታ ፈውሶት ከሆነ ፈውሱ በሐኪም ፊት አይጠፋም፤ ለምጻሙን እንኳ ሂድና ራስህን ለካህን አሳይ ብሎ የላከው ጌታ ነው።

ሕመምተኛውን መድረክ ላይ አውጥታችሁ አታስለፍልፉት፤ በስልክም አትቅረጹት። በሉቃስ 8 ጌታ ያን ሰው በልብስና በልቡና ነው የመለሰው።

ቤተሰቦች ሆይ፣ ሰንሰለቱ ከጭካኔ እንዳልመጣ አውቃለሁ፤ መሄጃ ከማጣት ነው። ስለዚህ ጉባኤው መሄጃ ይሁንላችሁ። አንድ የቤት ኅብረት በወር አንድ ቀን አንድ ሰው መድብ፤ ወደ ክትትሉ የሚሸኝ፣ የታክሲውን የሚከፍል፣ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲጠፋ ውጭ የሚፈልግ። አንዲት እህት ደግሞ ከእናቲቱ ጋር ቡና ትጠጣ፤ «እማማ፣ ዛሬ እርስዎ ይረፉ፣ እኔ አብሬው እቀመጣለሁ» ትበል። ይህ አገልግሎት መድረክ የለውም፤ ጌታ ግን ያየዋል።

ወጣቶች ሆይ፣ «አማኑኤል ግባ» ብላችሁ አትሳለቁ። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ስሙም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። ስድብ ያደረግነው የጌታችንን ስም ነው።

ተመራማሪዎቹ ይፈልጉ፤ አንድ ቀንም ያግኙ። ያን ቀን ደስ ይለናል። እስከዚያ ግን ወንድማችን ታማሚ መሆኑን፣ ሰው መሆኑን፣ የእኛ መሆኑን ለማመን የላቦራቶሪ ወረቀት አንጠብቅ። የአቤል ደም ከምድር እንደጮኸ ቃሉ ይነግረናል፤ ዕብራውያን 12 ደግሞ ከአቤል ደም የሚሻል የሚናገር ደም እንዳለ ይመሰክራል። ያ ደም ስለዚህ ወንድም ከብዙ ዘመን በፊት ተናግሯል። ምን ያህል ውድ እንደሆነም ዋጋውን ከፍሎ አሳይቷል።

ጌታ ሆይ፣ አእምሮአቸው የታወከባቸውን አስብ። ለሐኪሞቻችን ጥበብን፣ ለእናቶች ዕረፍትን፣ ለእኛም የሚሸኝ እግርና የሚታገሥ ልብ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።